ጉርሻ ሲገን፣ ጽዋ ሲረሳ፦ ስለ ወገራ ማኅበር ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ ኢትዮጵያውያን አብሮ መብላት የሚጻፍ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ጉርሻ ላይ ደርሶ ይቆማል። በባህል ምሽት ቤት መድረክ፣ በጎብኚዎች መጽሔት ሽፋን፣ በዋሽንግተንና በሎስ አንጀለስ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ የምትታየው ያቺው በእንጀራ የተጠቀለለች ወጥና ያቺው የተዘረጋች እጅ ናት። ጉርሻን አልጠላም፤ እናቴ አጉርሳ ነው ያሳደገችኝ። ግን ጉርሻ የሁለት ሰው ጉዳይ ነው። አንዱ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ቢከተልም እንኳ ከአፍታ አያልፍም፤ ለከርሞ የሚተርፍ ግዴታም የለበትም። አብሮ መብላታችንን በዚህ መመዘን ጋብቻን በሰርግ ፎቶግራፍ እንደ መመዘን ነው። በየወሩ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው የማኅበር ጽዋ ግን ለከርሞ ይተርፋል፤ ሐያሲዎቻችን የዘነጉትም እሱን ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው የወገራዋን አምባ ጊዮርጊስ ያገኛል። ደጋ ናት፤ አመሻሹ ላይ ጋቢ ያስደርባል፤ ዙሪያው የገብስና የባቄላ ማሳ ነው። እዚያ ወር በገባ በ23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበር ይጠጣል። አማርኛችን “ማኅበር ጠጣ” ሲል አባልነትን በመዝገብ ሳይሆን በጉሮሮ እንደሚቆጥር ልብ ይሏል። ማኅበርተኞቹ ብዙ ጊዜ 12 ናቸው፣ አንዳንዴም ይበልጣሉ። ጳጉሜን 23 ቀን የላትምና 12 ቤት ያለው ማኅበር በዓመት አንድ ዙር ይገጥማል፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጊዜ ደግሶ 11 ጊዜ ይጋበዛል።

ይህ ለምን ተረሳ? አንዱ ምክንያት የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ገበታ ግብር፣ ማለትም የቤተ መንግሥት ድግስ፣ መሆኑ ይመስለኛል። ግብር ጸሐፊ ነበረው። በፋሲል ግቢ የአፄ በካፋ የግብር አዳራሽ ዛሬም በግድግዳው ቆሟል፤ በ1887 እ.ኤ.አ. እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ማርያም ምርቃት ያበሉት ድግስ ጄምስ ማካንን በመሰለ የታሪክ ምሁር እጅ ምዕራፍ ሆኗል፤ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል “ዝክረ ነገር”ን በ1942 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት በዝርዝር አቆይተውልናል። ይህ ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚፈስ ድግስ ነው። የሚያበላው አንድ፣ የሚበላው እልፍ፤ ሥጋው በማዕረግ ይቆረጣል። በጽዋ ግን ደጋሹ በሚቀጥለው ወር ተጋባዥ ነው። ይህን መዝግቦ የሚያቆይ ጸሐፌ ትእዛዝ አልነበረውም፤ ተራው ያለው በሰዎች ራስ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከሶሺዮሎጂ ምሁሩ ከዶናልድ ሌቪን ይጀምራል። በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣው “ሰምና ወርቅ” መጽሐፋቸው የአማራውን ገበሬ ግለኛነት አጉልተው ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ የአገራችን ጸሐፊዎች ይህን ለማስተባበል ሲሉ የመሶቡን፣ የደቦውን፣ የጉርሻውን ምስል እየደረደሩ “እኛ እኮ አብሮ በል ነን” ይላሉ። መልሱ ደካማ ነው። እኔ ሌቪን ግለኛነቱን በማየታቸው አልጣላቸውም፤ ሰውየው ያዩት አለ። የወገራ ማኅበርተኛ የጋራ ጎተራ የለውም፤ የጋራ መሬት የለውም፤ ድግሱም በየቤቱ አቅም ነው። ከ12ቱ ቤቶች መካከል ከሌላው ጋር ንብረቱን የቀላቀለ አንድም የለም። የጋራ የሚባል ነገር ቢፈለግ የሚገኘው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ጽዋው። እሱም በየወሩ ቤት ይቀይራል። አንዱ ለሌላው ጎንበስ የማይል፣ አጥሩን የሚያጥር፣ በድንበር የሚካሰስ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር የሚኖርበትን መላ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ግለኛነቱ ባይኖር ኖሮ ጽዋ ባላስፈለገ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ከታገሠኝ በርክክቡ ላይ ልቆይ እፈልጋለሁ፤ በማኅበሩ ሥርዓት ውስጥ እንደዚህች ያለች በጥበብ የተሠራች ደቂቃ አላውቅም። ባየሁት ቤት ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ጧፍ በርቷል። ማኅበርተኛው መደብ ላይ ተደርድሮ ተአምሩ ተነቧል፣ ዳቦው ተባርኮ ተቆርሷል፣ ባቄላው አሹቅ በሰፌድ ዞሯል፣ የቤቱ እመቤት “በሞቴ፣ አፈር ስሆን” እያለች ሽክናውን ሳይጎድል ሞልታለች። እንግዳው “በቃኝ” ይላል፤ አልበቃውም። ሁለተኛ ይላል፤ ግማሹ እውነት ነው። ሦስተኛ ሲል እውነት ነው፤ እሷ ግን ያን ጊዜም አልሰማችም። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ይነሣል። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ከጥግ ይመጣል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ተረኛው ተነሥቶ ሁለት እጁን በነጠላው ጫፍ ጠቅልሎ ይቀበላል። “ያድርስልን” ይባላል። ከዚያም እየዘመሩ እስከ ደጁ ይሸኙታል።

ሦስት ነገር አስተውሉልኝ። ጽዋው ሙሉ ሆኖ ነው የሚተላለፈው፤ ተቀባዩ እንዳይፈስበት እርምጃውን ይመጥናል፣ ሌላውም ከእሱ ጋር ቀስ ይላል። ደግሞም ዕዳውን የሚቀበለው በጠገበበት ሰዓት ነው። የተራበ ሰው ቃል ቢገባ አንደንቅም፤ እዚህ ግን ሆዱ ሞልቶ፣ ነገሩ ሁሉ ቀላል በሚመስልበት ሰዓት፣ በዘመዶቹና በወዳጆቹ ፊት የሚመጣውን ድግስ ተሸክሞ ይወጣል። ሦስተኛው የሚገርመኝ ነው። የተቀበለውን ላበላው ሰው አይመልስም፤ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ስለዚህ በሁለት ሰው መካከል ሒሳብ ተዘግቶ “ተወራረድን” የሚባልበት ቀን የለም። ባለ ዕዳና አበዳሪ ፊት ለፊት ስለማይተያዩ ውለታው አያዋርድም። ጉርሻ ይህን ማድረግ አይችልም።

ኩርፊያም አለ። የተኳረፉ ሰዎች ከአንድ ጽዋ አይጠጡም፤ ሙሴውና ካህኑ ቀድመው ማስታረቅ ይኖርባቸዋል። በጎንደር ደጋ በተለይ የሚታወቀው የገብስ መጠጥ ስሙ ኮረፌ መሆኑ ያስቀኛል። የቃሉን ምንጭ ለሥነ ልሳን ሰዎች ልተውና፣ ኮረፌ የሚጠጣበት ቤት ያኮረፈ ሰው የማይገባበት ቤት ነው።

ኮረፌን ካነሣሁ አይቀር ስለ ጊዜ ልናገር። ገብሱ ተከክቶ ውኃ ውስጥ ያድራል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ከጌሾ ጋር ተቦክቶ በሸክላ ዕቃ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ከዚያ ተቀንሶ ውኃ ይጨመርበታል፤ በማግሥቱ ይጠጣል። በደጋው ቤት ጓዳ ውስጥ ገና ያልታወቀ እንግዳ ድርሻ ወራት ቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቃል ማለት ነው። ጠላውም ቢሆን ብቅል ማብቀል፣ ጋን በወይራ ማጠን፣ መጠንሰስ፣ አሻሮ መቁላት፣ መደፍደፍ፣ ውኃ ሞልቶ መክደን ይጠይቃል። ድግሱ የአንድ ቀን ይመስላል እንጂ የሳምንታት ነው።

እነዚያ ሳምንታት የማን ናቸው? ማኅበርን የሚያወድሱ ጥቂት ጽሑፎች እንኳ ይህን ጥያቄ ዘለውታል፤ እኔም ከላይ በርክክቡ ስደመም ዘልዬዋለሁ። ጽዋውን በነጠላ ጠቅልሎ የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ወንዱ ነው። ማታውኑ ግን ጎተራውን በዓይኗ የምትለካው ሚስቱ ናት፦ ለብቅል ስንት፣ ለአሻሮ ስንት፣ ጌሾው ይበቃል ወይ፣ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ለሽሮው ምን ያህል ባቄላ። ጢስ ዓይኗን ያቃጠላት፣ ወገቧ የተቆረጠው እሷ ናት፤ ምርቃቱ ሲወርድ ጓዳ ስለሆነች ግማሹን አትሰማውም። ሴቶች በ21 የማርያምን ማኅበር የራሳቸው አድርገው ይጠጣሉ፤ ቢሆንም የወንዶቹን ጋን የሚጠምቅ ወንድ አላየሁም። ስለዚህ የማኅበሩን እኩልነት ሳደንቅ የቤቶች እኩልነት ነው የማደንቀው፤ በየቤቱ ውስጥ ያለው ግን ግብር ነው። ይህን ሳይናገር ስለ ጽዋ የሚጽፍ ሰው ጠላውን ብቻ ነው የቀመሰው።

ጽዋ ለምን እንደተረሳ ልመለስ። ለንጽጽር ያህል፣ በሲሲሊ ደሴት በመጋቢት ወር ለቅዱስ ዮሴፍ በዓል ገበታ ይዘረጋል። ሳሌሚ በምትባለው ከተማ ዳቦው በአበባና በወፍ አምሳል ተቀርጾ መሠዊያ ያህል ይቆማል፤ ቅድስት ቤተሰብን የሚወክሉት፣ ብዙ ጊዜ ሕፃናት ወይም ድሆች፣ ቀድመው ይበላሉ። ያንን ማየት ደስ ይላል፤ ለካሜራም ይመቻል። የወገራ ድፎ ከመስቀሉ ምልክት በቀር ጌጥ የለውም። የእኛ ባህል ጸሐፊ ግን ዓይኑ በፎቶግራፍ ስለተገራ ለመታየት ያልተሠራውን ነገር ውበት የለውም ብሎ ያልፋል።

ከተማ ውስጥ ማኅበር በገንዘብ መዋጮ ሲሆን አይቻለሁ። አባላቱ እኩል ያዋጣሉ፣ ምግቡ ከውጭ ይታዘዛል፣ ቢራ በሳጥን ይገባል፤ ማንም አይደክምም። ሴቶቹ ዕረፍት ማግኘታቸው እሰየው ነው። ነገር ግን በዚያው ምሽት ሒሳቡ ይዘጋል፤ ማንም የማንም ተረኛ ሳይሆን ይበተናል። ከምግብ ቤት ምን ለየው? በዚህ ፍርዴ ለረጅም ጊዜ ጸንቼ ነበር፤ ያናወጠኝ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የታደምኩበት የወገራ ልጆች ማኅበር ነው። ጋን ደረጃ ላይ አይወጣምና ጠላው የተጠመቀው በሰማያዊ ፕላስቲክ በርሜል ነው፤ ብቅሉን ያስፈጨችውም ሆነ ጠላውን የጠመቀችው አንዲት ሴት አይደለችም፤ ሁሉም ተራ ገብተዋል። ጠላው ትንሽ ኮምጥጧል። ካህኑ መጡ፣ ባረኩ። ጽዋውን የተቀበለችው ለብቻዋ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ወጣት ናት። እጇን በስካርፏ ጠቅልላ ተቀበለች፤ አራት ፎቅ ደረጃ ሁላችንም ከኋላዋ እየዘመርን ወረድን፤ አንዱ ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየንና ጋቢውን አስተካክሎ ቆመ።

ታክሲ ስንጠብቅ በአንድ እጇ ጽዋውን እንደያዘች በሌላው ስልኳን አውጥታ ካሌንደር ታያለች።

“23 ዓርብ ነው የሚውለው።”

“እንግዲያስ ሽሮ ነዋ፣” አላት ሙሴው።

“ሽሮውስ ከእትየ ይላክልኛል” አለች፤ “በርሜሉን ግን መቼ ነው የምታመጡልኝ?”