ቤዛዊት ላይ የምትጠፋው ዲኤክስ

ባሕር ዳር ለአሮጌ ሞተር የምትራራ ከተማ ናት። ከጣና ዳር እስከ ፖሊ፣ ከቀበሌ 14 እስከ ሽንብጥ መንገዱ ሜዳ ነው። ግማሽ ጉልበቱን ያጣ መኪና እንኳ ከዘንባባ ዘንባባ እየተንሸራሸረ ይከርማል፤ ባለቤቱም አይነቃበትም። ጉዱ የሚወጣው ዳገት ያገኘ ቀን ነው። ለአዲስ አበባ ተጓዥ ፈተናው ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣው ጠመዝማዛ ነው። ለከተሜው ግን ቤዛዊት ይበቃዋል፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት፣ አባይን ቁልቁል የሚያየው ጉብታ።

እዚያ ዳገት ላይ በየጊዜው የምትጠፋ አንዲት ኮሮላ ዲኤክስ ነበረች። ያደነቅሁት ግን መኪናዋን ሳይሆን በሽታዋን ያገኙትን ሰው ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው ልበል። መኪና የሚፈታ መካኒክ በየጥጉ አለ። ሳይፈታ የሚያውቅ ሲገኝ ግን ቆሞ ማየት ደግ ነው።

ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ካፈራቸው ባለሙያዎች በአንዱ ጋራዥ ያደጉ ናቸው። አለቃቸው መጀመሪያ ያስተማሯቸው እጅ መሰብሰብን እንደነበር ይናገራሉ። እውነትም ዲኤክሷ ስትመጣ ሁለት እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ቆሙ። ኮፈኑ ተከፍቷል፣ እሳቸው የሚያዩት ግን የባለቤቲቱን ፊት ነው።

«እታለም፣ ስትጠፋብዎ ድርግም ብላ ነው ወይስ እየተንገዳገደች?»

«እየተንገዳገደች ነው ጋሼ። መጀመሪያ መሳብ ታቆማለች፣ ነዳጅ ብረግጥም አትሰማኝም። ከዚያ ትን ትን ብሏት ትቆማለች።»

«ካረፈችስ?»

«አሥር ደቂቃ ከቆየች ምንም እንዳልነበረች ትነሣለች።»

«ቤንዚኑ ሲያልቅ ነው የሚብስባት?»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡና፣ «ኧረ እንዲያውም ሞልቻት የወጣሁ ቀን ነው የሚብሳት» አሉ።

ጋሼ ዝም አሉ። ያቺ መልስ ምን ያህል እንደከበደች የገባኝ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። የኤሌክትሪክ ችግር፣ ማለትም ቦቢና ወይም ፑንቲና ወይም የላላ ሽቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞተርን ድንገት ነው የሚገድለው። ነዳጅ ሲያጥረው ግን ሞተር በአንዴ አይሞትም። ካርብሬተሩ ጓዳ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ቤንዚን እያብቃቃ፣ እየተንተባተበ ነው የሚሄደው። ጋሼ አንድ ብሎን ሳይነኩ የሞተሩን ግማሽ ከጥርጣሬ አወጡት ማለት ነው። አወጡት ስል ግን ረሱት ማለቴ አይደለም።

ወጣቱ ረዳት በዚህ መሐል ካንዴላ ፈትቶ አመጣ። ጫፉ ጥላሸት ለብሷል። «ጋሼ፣ ካርብሬተሩ ነው፣ ቤንዚን ያበዛል። ላውርደው?» አለ። ጋሼ ካንዴላውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩና መለሱለት። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ እዚህ ያለው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተለካ ካርብሬተር ይህን ስለማያውቅ ለሳሳው አየር የለመደውን ቤንዚን ይሰጣል። ስለዚህ እኛ አገር ትንሽ የጠቆረ ካንዴላ የደጋ መልክ እንጂ የበሽታ ምልክት ላይሆን ይችላል። መጽሐፍ ያነበበ መካኒክ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ መጽሐፉ የተጻፈው ሌላ አገር ነዋ።

ካርብሬተሩ አልወረደም። ይልቅ ሁላችንም ተሳፍረን ወደ ቤዛዊት ወጣን። የሚጠፋ መኪናን ሳይጠፋ መመርመር ከንቱ ነው ባይ ናቸው ጋሼ።

አጋማሹ ላይ ዲኤክሷ እንደተባለችው ተንተባትባ ቆመች። ያን ጊዜ እነዚያ የተጣመሩ እጆች ሲፈቱ ማየት ነበር! ኮፈኑን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት የካርብሬተሩን መስታወት ነው። ፎር ኬ የሚባለው የቶዮታ ሞተር፣ ባለ 1,290 ሲሲው፣ ካርብሬተሩ ጎን ላይ ትንሽ ክብ መስኮት አለው፤ የቤንዚኑ ልክ የሚታየው እዚያ ነው። ጋሼ በጣታቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉ። ቤንዚኑ ከምልክቱ በታች ወርዷል።

ሌላው ቢሆን እዚህ ላይ ፓምፕ ይቀየር ባለ ነበር። እሳቸው ግን መለዋወጫ ካንዴላ ከኪሳቸው አውጥተው ገመዱ ላይ ሰኩና ብረት አስነክተው ሞተሩን አስመቱ። ብልጭታው ሰማያዊ ነው፣ ጠጭ ጠጭ ይላል። ኤሌክትሪኩ አሁን በማስረጃ ነፃ ወጣ። ቀጥሎ ውሃ የነከረ ጨርቅ ፓምፑና ቱቦው ላይ አስደረጉ። የሚያዝያ ከሰዓት ነው፤ በዚህ ከፍታ ደግሞ ቤንዚን ከቆላው ቀድሞ ይተናል፣ ቱቦ ውስጥ ከተነነ ፓምፑ እንፋሎት እንጂ ቤንዚን አይስብም። ቢቀዘቅዝም ግን ሞተሩ አልተነሣም።

ከዚያ ጋሼ ወደ መኪናዋ ኋላ ሄደው የታንከሩን ክዳን በቀስታ አዞሩ። ፍስስስ አለ። አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ሁላችንም ሰማነው። ሞተሩ ጥቂት ዞረና ተነሣ።

ነገሩ የዘይት ጣሳ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ሲበሳ እንደሚሆነው ነው፤ አየር የሚገባበት ከሌለ ዘይቱ አይወጣም። ከታንከር የወጣውን ቤንዚን አየር ሊተካው ይገባል። አየር ካልገባ ፓምፑ ባዶነትን እየጎተተ ይደክማል። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ስለሚጠጣ ቶሎ ይያዛል፣ ሜዳ ላይ ግን ይችለዋል። ሲያርፍ አየሩ ቀስ ብሎ ሾልኮ ይገባና መኪናዋ ትነሣለች። ታንከሩ ሲሞላ ደግሞ ከቤንዚኑ በላይ ያለችው አየር ትንሽ ስለሆነች፣ ጥቂት ሊትር እንደተቀዳ ትሳሳለች። «ሞልቻት የወጣሁ ቀን ነው የሚብሳት» የተባለው ይኸው ነው። ታንከር ሥር የተኛ ዝቃጭ ቢሆን ኖሮ የሚብሰው ሲጎድል በሆነ።

ክዳኑን ገልብጠው ሲያዩት፣ ከአሮጌ የጎማ ውስጥ ላስቲክ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ነገር አየር ማስገቢያውን ደፍኖታል። ሴትዮዋ ደነገጡ። «ውይ! ቤንዚኑ እንዳይተንብኝ ብሎ ልጄ ነው ያደረገልኝ» አሉ። ልጁ አይፈረድበትም። ማደያ ተሰልፎ፣ ሰልፉ ሲያቅት በጀሪካን ገዝቶ የሚነዳ ሰው ለእያንዳንዷ ጠብታ ይሳሳል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህም ያለችውን ዲኤክስ ማስታመም ግድ ሆኗል።

እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ላስቲኩን መልሰው ከደኑትና ቁልቁል ወርደን እንደገና እንድንወጣ አዘዙ። እዚያው ገደማ ጠፋች። ላስቲኩን አውጥተው ዳግመኛ ወጣን፤ ጫፍ ደረስን። በሽታን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ሲፈልጉ መጥራት መቻል፣ ለእኔ የሥራው ጌጥ ይህ ነው። አንድ ጊዜ ሲነሣ «ተሠራ» ብሎ የሚሸኝ መካኒክ እኮ መኪናው አርፎ ይነሣ ተጠግኖ ይነሣ አያውቅም።

ጋራዥ ስንመለስ ሞተሩ እንደጋለ ነው። ጋሼ አጋጣሚውን አላባከኑም፤ ይህ ሞተር የቫልቭ ክፍተቱ የሚለካው በትኩሱ ነውና የላይ ክዳኑን አስከፈቱ። ስስ የብረት ቅጠል መለኪያ ይዘው በአስገቢው 0.20፣ በአስወጪው 0.30 ሚሊሜትር እየለኩ ሄዱ። ቅጠሉ ሲጎተት ትንሽ መያዝ አለበት፣ መንከስ ግን የለበትም። የሦስተኛው ሲሊንደር አስወጪ ነከሰ። ብሎኑን ሩብ ዙር እንኳ በማትሞላ አላሏት፣ ለኩ፣ አሠሩ፣ ሲያሠሩ ዞራ እንደሆነ ብለው ደግመው ለኩ።

ሞተሩ ሲነሣ ጠቅ ጠቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ተጨመረበት።

«ጋሼ፣ ድምፅ አበዛችሳ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ይሁን እታለም፣ ትጩህ። ቫልቭ ዝም ሲል ነው የሚቃጠል።»