የዖዛ ሞትና የታቦቱ መሎጊያዎች፦ ጸጋና አክብሮት ይጋጫሉን?

በ2ሳሙ 6 የተጻፈው የዖዛ ሞት በመድረኮቻችን ላይ ብዙ ጊዜ በሁለት መንገድ ይሰበካል። አንደኛው ማስፈራሪያ ነው፤ በታቦቱ ቦታ «የተቀባው» አገልጋይ ይተካና፣ እርሱን የጠየቀ ወይም ያረመ ሁሉ የዖዛ ዕጣ ይደርሰዋል ይባላል። ሁለተኛው ማጽናኛ ነው፤ ያ የሕግ ዘመን ነበር፣ እኛ በጸጋ ስለምንኖር ነገሩ አይመለከተንም ይባላል። ሁለቱ ስብከቶች ተቃራኒ ቢመስሉም አንድ መነሻ ይጋራሉ፦ ጸጋ ባለበት ፍርሃት የለም፣ ፍርሃት ባለበትም ጸጋ የለም። የዕብራይስጡ መጽሐፍ ግን ይህን ክፍፍል አያውቀውም።

ከቃሉ እንጀምር። ታቦት ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል «አሮን» ሲሆን ሣጥን ማለት ነው። የዮሴፍ አስከሬን የተቀመጠበት ሣጥን (ዘፍ 50፥26) እና ካህኑ ዮዳሄ ለቤተ መቅደሱ ማደሻ ገንዘብ ያዘጋጀው ሣጥን (2ነገ 12፥9) በዚሁ ቃል ተጠርተዋል። በአማርኛ ግን «ታቦት» የሚለው ቃል ራሱ የቅድስና ስሜት ይዞ ስለሚመጣ፣ አድማጫችን ዕቃው በራሱ ኃይል አለው ብሎ ሊያስብ ይችላል። እንደ ኦሪት ዘጸአት ከሆነ ታቦቱን የለየው እንጨቱና ወርቁ አይደለም። እግዚአብሔር በስርየት መክደኛው ላይ፣ በሁለቱ ኪሩቤል መካከል፣ ከሙሴ ጋር ሊገናኝ የገባው ቃል ነው (25፥22)።

የመክደኛው ስም ከማስተሰረይ ግስ ጋር አንድ ሥር አለው። በዘሌ 16 አሮን በፈለገው ጊዜ ወደዚያ እንዳይገባ፣ እንዳይሞትም ይነገረዋል፤ በዚያው ምዕራፍ ደሙ ሰባት ጊዜ የሚረጨው በዚያው መክደኛ ፊት ነው። ምሕረት የሚገኝበት ስፍራና ሞት የሚያሰጋበት ስፍራ አንድ ነው።

እንግዲህ በዘኍ 4 የተሰጠውን ሥርዓት እናስተውል። የቀዓት ልጆች ንዋየ ቅድሳቱን ይሸከማሉ እንጂ አይነኩም፤ አስቀድመው ካህናቱ ይሸፍኗቸዋል። ይህን ክልከላ ብቻ ነጥለን ካነበብን ጨካኝ ሕግ ይመስላል። ከቁጥር 18 እስከ 20 ያለው ግን ምክንያቱን ይገልጣል፤ የቀዓት ወገን ከሌዋውያን መካከል እንዳይጠፋ፣ በሕይወትም እንዲኖር ነው። መሸፈኛውና መሎጊያው ኃጢአተኛ ሰው ከቅዱሱ አምላክ ጋር እንዲጓዝ የተሰጡ የጸጋ ዝግጅቶች ናቸው። በዘኍ 7 ስድስት ሠረገሎች ለጌድሶንና ለሜራሪ ልጆች ሲከፋፈሉ፣ ለቀዓት ልጆች አንድም አልተሰጣቸውም፤ የእነርሱ ሸክም በትከሻ ነውና።

ዳዊት ግን ታቦቱን በአዲስ ሠረገላ ጫነው። አዲስ ሠረገላ የፍልስጥኤማውያን ዘዴ ነበር (1ሳሙ 6፥7)። እነርሱ ሕጉ አልተሰጣቸውም፤ እስራኤል ግን ተሰጥቶት ነበር። በሬዎቹ ሲደናቀፉ ዖዛ እጁን መዘርጋቱ ከዚህ የሰነበተ ቸልተኝነት የመጣ የመጨረሻ እርምጃ ነው። ደግ ሐሳብ አልነበረውም ማለት አንችልም፤ ዳዊትም በሆነው ነገር ተቆጥቷል፣ ተራኪውም ቁጣውን አይሸፍነውም። እኛም ምእመናን ሲጨነቁ በችኮላ ልናሳርፋቸው አይገባም።

ተራኪው በግስ ምርጫውም ያስተምራል። በምዕራፍ 5 እግዚአብሔር የዳዊትን ጠላቶች እንደ ጎርፍ ያፈረሰበት «ፓራጽ» የሚለው ግስ፣ በምዕራፍ 6 በዖዛ ላይ ይደገማል። በዘጸ 19፥22ና 24 ስለ ሲና ተራራ የተነገረውም ማስጠንቀቂያ በዚሁ ግስ ነው። ድል የሰጠው እግዚአብሔር በዳዊት እጅ ያለ መሣሪያ አይደለም። በ1ሳሙ 4 ሽማግሌዎቹ ታቦቱን ለድል ሲያመጡ ሠላሳ ሺህ እግረኛ ወድቋል፤ ታቦቱም ተማርኳል። ዕቃን እንደ ክታብ መያዝና ዕቃን በቸልታ መያዝ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ሁለቱም እግዚአብሔርን በቁጥጥር ሥር ያለ አድርገው ያስባሉ። ሕዝቅያስ የነሐሱን እባብ የሰባበረውም (2ነገ 18፥4) እግዚአብሔር ራሱ ያዘዘው የጸጋ ምልክት ዕጣን የሚታጠንለት ጣዖት ስለሆነ ነው።

ታሪኩ ደግሞ በመቃብር አያበቃም። ያው ታቦት በጌት ሰው በአቢዳራ ቤት ሦስት ወር ተቀምጦ ቤቱን ሁሉ በረከት አመጣበት። ዳዊት ሲመለስ ሠረገላ አይጠቀስም፤ ተሸካሚዎች ናቸው የሚራመዱት። 1ዜና 15 የፊተኛውን ስህተት በግልጽ ይናገራል፤ ሌዋውያኑ በመሎጊያ በትከሻቸው ተሸከሙ። ፍጻሜውም ለሕዝቡ ሁሉ፣ ለወንድም ለሴትም፣ እንጀራ የታደለበት በዓል ሆነ።

ታዲያ ማስፈራሪያው ስብከት የት ይወድቃል? የተቀሠፈው ከውጭ ሆኖ ጥያቄ ያነሣ ምእመን አልነበረም፤ ታቦቱ ዓመታት በኖረበት ቤት ያደገና ሠረገላውን የሚነዳ ሰው ነበር። ክፍሉ ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው አገልጋዩን ነው። የተቀባውን ንጉሥ ዳዊትን የገሠጸው ናታን ደግሞ አልተቀሠፈም፤ የተላከው ከእግዚአብሔር ነበርና (2ሳሙ 12)። ለቀባ ዘይትና ለጨርቅ ኃይል የምንሰጥ ከሆነ ከ1ሳሙ 4 ሽማግሌዎች የምንለየው በምንድን ነው?

ማጽናኛው ስብከትም አይቆምም። ጳውሎስ በሮሜ 3፥25 ክርስቶስን የሚጠራበት የግሪክ ቃል በዕብ 9፥5 የስርየት መክደኛው የተጠራበት ነው። እዚያው ጳውሎስ ግን የጌታን ማዕድ ሳይገባው የሚበላ ፍርድን እንደሚበላ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ዕብ 12፥28–29ም ጸጋንና አክብሮትን በአንድ ትንፋሽ ያስተሳስራል፤ አምላካችን የሚያጠፋ እሳት ነውና።

ስለዚህ ዖዛን ስንሰብክ ጥያቄያችን «ማን ይቀሠፋል?» ባይሆን መልካም ነው። እግዚአብሔር በመካከላችን ለመሆን የሰጠንን መሎጊያ ትተን ሠረገላ የጫንነው የት ነው? ይህን መጠየቅ የጀመረች ጉባኤ ጸጋን አላቀለለችም፤ በሕዝቡ መካከል ያለው ማን እንደሆነ አስታውሳለች።