የጉልበት ሎሚ ሲታመም፦ ጥሩ ሕክምና በምን ይታወቃል?

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በምትገኘው ሆሞሻ ጉልበት ሥራ አይፈታም። ወርቅ የሚያጥበው ወንዝ ዳር ቁጢጥ ብሎ ይውላል። የበርታ እናቶች ትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት ጫፍና ጫፍ ሸክም አንጠልጥለው ዳገት ቁልቁለቱን ያቋርጣሉ። ሰጋጁ በቀን አምስት ጊዜ ይንበረከካል። ስለዚህ ቁጢጥ ሲሉ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ወይም ብዙ ተቀምጠው ሲነሱ በጉልበት ሎሚ ዙሪያ የሚነሳው ሕመም እዚያ ኑሮን ያስተጓጉላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን ስመዝንም ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ጥያቄውን ነው።

«እናቴ፣ የሚያምዎት ምን ሲሠሩ ነው? ከመታመምዎ በፊት ሥራ በዝቶብዎት ነበር?» ብሎ የጀመረ ጥሩ ጀምሯል። ቀጥሎ ቁጢጥ አስብሎ ይይ፤ ይህን ሕመም ለመለየት ከዚያ የሚሻል ቀላል ፍተሻ የለም። ሎሚዋን በእጁ ተጭኖ «አጥንትሽ ተፋጭቷል» የሚል ግን አያሳምነኝም፤ ፍተሻው ደካማ ነው፣ ቃሉም ታካሚዋን ከእንቅስቃሴ ያሸሻታል። ታካሚው ጉልበቴን አመመኝ የሚልና የሚያነክስ ልጅ ከሆነ ዳሌውን ሳይመረምር የሸኘ ትልቅ ነገር አምልጦታል።

የሥራው ልብ ማጠንከር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች የጋራ ምክር የዳሌንና የጉልበትን ጡንቻ አብሮ የሚያጠነክር እንቅስቃሴን ደግፏል፤ የኤሌክትሪክ ማሽንን ግን አልመከረም። ከሆሞሻ አሶሳ ተመላልሶ ማሽን ሥር ለመተኛት ትራንስፖርት የሚከፍል ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል። የወጌሻ እሽትም ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል፣ የደከመ ጭን ግን በመታሸት አይጠነክርም።

ጥበቡ ያለው ልኩ ላይ ነው። ጉልበት በታጠፈ ቁጥር ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር የሚጫንበት ኃይል ስለሚጨምር አዋቂ ባለሙያ ከትንሹ ይጀምራል፦ ከፍ ካለ አልጋ ጠርዝ ቀስ ብሎ መነሳትና መቀመጥ፣ በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት። ከዚያ በርጩማ፣ ከዚያ ደረጃ፣ ቆይቶም ግማሽ ጀሪካን ውኃ ይዞ መነሳት። ቀላል ሕመም ቢሰማ፣ በማግስቱ ጠዋት ከለቀቀ ችግር የለውም፤ ከባሰ ልኩ ይቀነሳል። ይህን መለኪያ ለታካሚው ያላስተማረ ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም። «ሥራ ተዪ» ብሎ መሸኘትም ምክር አይባልም። ሸክሙን ለሁለት ጊዜ መክፈል፣ ወርቅ ሲያጥቡ በየመሐሉ ተነስቶ እግር መዘርጋት ይቻላል።

አውስትራሊያዊቷ ፊዚዮቴራፒስት ጄኒ ማኮኔል እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቀችው ሎሚው ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ሕመሙን ለጥቂት ሳምንታት አስታግሶ እንቅስቃሴውን ለመጀመር ይረዳል። ብቻውን ሲሰጥ ግን እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ።

ያበጠና የሚያቃጥል፣ ትኩሳት ያለው፣ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ወይም ተቆልፎ አልዘረጋ ያለ ጉልበት ቶሎ ወደ ሐኪም መላክ አለበት። ለቀሪው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከዓመታት በኋላም ሕመሙ የሚመላለስባቸው ብዙዎች ናቸው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን የሚናገር፣ ሕመሙ ሲመለስም ሸክሙን ምን ያህል መቀነስና ከየትኛው እንቅስቃሴ መልሶ መጀመር እንደሚገባ አሳይቶ የሚሸኝ ባለሙያ ካገኙ አይልቀቁት።