ፓርከር ግራንት መርሳ ብትማር

«ጠንካራ ሴት ገጸ ባሕርይ» የሚባለው ነገር ይሰለቸኛል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም የማትጠይቅ፣ ማንም የማያስፈልጋት ልጅ ማለት ነው። ዓይነ ስውር ስትሆን ደግሞ ይብሳል፤ ደራሲው ወይ ያስለቅስባታል፣ ወይ ተአምረኛ ጆሮ ሰጥቷት ይገላገላል። የኤሪክ ሊንድስትሮም «ኖት ኢፍ አይ ሲ ዩ ፈርስት» (እ.ኤ.አ. 2015) ከሁለቱም አምልጧል።

ፓርከር ግራንት የ16 ዓመት የሃይስኩል ተማሪ ናት። በ7 ዓመቷ በመኪና አደጋ እናቷንም ዓይኗንም አጥታለች። ታሪኩ ሲጀምር አባቷም ከሞተ ገና ወራት ነው። በየጠዋቱ ብቻዋን ትሮጣለች። ለሰው ሁሉ ያወጣቻቸው ሕጎች አሏት፦ ሳያሳውቋት እንዳይነኳት፣ ሳትጠይቅ እንዳያግዟት፣ ከምንም በላይ ደግሞ አለማየቷን ተጠቅመው እንዳያታልሏት። ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር የለም። እኔ ኮድ ጽፌ አዳሪ ነኝና ሕጎቹን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ልጅቷ ለራሷ ፋየርዎል ሠርታለች።

የፋየርዎሉ ምክንያት ነው መጽሐፉን ያቆመው (ስፖይለር የምትጠሉ ይህን አንቀጽ ዝለሉት)። 13 ዓመቷ እያለ ከምትወደው ከስኮት ጋር ብቻችንን ነን ብላ ባመነችበት ክፍል ውስጥ ሌሎች ወንዶች ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩዋት ነበር። ልብ በሉ፣ ቁስሏ አለማየቷ አይደለም። ሳታውቅ መታየቷ ነው። ስለ ዕውርነት ከተጻፉ ስንት ገጾች ይልቅ ይቺ አንዲት ትዕይንት ብዙ ነገረችኝ። ፍቅሩም የሚሞቀው እዚሁ ላይ ነው፤ ጥያቄው ይሳማሉ ወይ ሳይሆን ድምፁን እንደገና ታምነዋለች ወይ ነው። ደግሞ ፓርከር ምላሷ ስለታም ናት፣ ትሳሳታለች፣ ጓደኞቿን ትጎዳለች። ደራሲው አያዝንላትም፤ ጎበዝ!

ስኮት ግን መልአክ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሌላኛው ልጅ ጄሰን ደግሞ መንገድ ለመዝጋት ብቻ የገባ ይመስላል።

እኔ ያደግኩት ሀብሩ፣ መርሳ ነው። እያነበብኩ ፓርከርን ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር አስሮጥኳት። ሲኖትራኩ፣ ባጃጁ፣ መሀል መንገድ የቆመው በግ... ነገር ግን ከመንገዱ በፊት ሌላ ነገር ገታኝ። የኛዋ ልጅ «ማንን ልመን?» ከማለቷ በፊት «የሚወደኝ አለ ብሎ የሚያስብ ሰው አለ ወይ?» የሚለውን ማለፍ አለባት።

ጠበቃዋ የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው እዚያው ወሎ፣ ሳይንት ነው። በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጣች፣ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ወሰደች። ዕውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናት በተደጋጋሚ ተናግራለች። ሁላችንም ይህን ሰምተን እናጨበጭባለን። የተገላቢጦሹን አስቡት እስኪ፦ ያለ ዕድሜዋ ያልተዳረችው ልጅነቷ ተከብሮ አይደለም፤ ለሚስትነት ስላልታሰበች ነው። ነፃ የወጣችው ከቁጥር ውጪ በመሆኗ ነው። አንድ አማርኛ ልብ ወለድ ይህን ቢይዘው ከሊንድስትሮም የከበደ ታሪክ ይወጣዋል። እኛ ጋ ግን ዓይነ ስውሯ ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አትነሳም፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሳንቲም ሰጥቷት ደግነቱን አሳይቶን ያልፋል።

ቢጻፍስ ማን ያነበዋል? በቴሌግራም የሚዞሩት አብዛኞቹ ልብ ወለዶች ከወረቀት ስካን የተደረጉ ፒዲኤፎች ናቸው። ለስክሪን ሪደር ያ ፎቶ ነው፤ ፊደል የለበትም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ በድሮ ፎንት የተተየበው ደግሞ ለማሽኑ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። አማርኛ ጮክ ብሎ የሚያነብ ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ኢስፒክ ድምፁ ሮቦት ቢመስልም ያነባል። ስለዚህ ደራሲዎቻችን፣ ቀጣዩን የፍቅር ታሪክ ስትለቁ እባካችሁ ጽሑፉን ራሱን ልቀቁት። ወልድያ ላይ ጆሮ ማዳመጫዋን ሰክታ የምትጠብቅ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አትጠፋም።