ጫኝና አውራጁ ብረት

ሀይሌ ጋርመንት ያለው የአትክልት ገበያ የሚደምቀው ሌሊቱ ሳይነጋ ነው። አትክልት ተራ በኮሮና ወቅት ከፒያሳ ተነስቶ፣ ጃንሜዳ ጥቂት ከርሞ፣ በ2013 ዓ.ም. ወደዚህ ከመጣ ወዲህ አይሱዙዎች ሽንኩርትና ቲማቲም ጭነው የሚገቡት ሰፈሩ እንቅልፍ ላይ እያለ ነው። ጫኝና አውራጆቹ ጆንያ በትከሻቸው፣ ሳጥን በጀርባቸው አድርገው ሲመላለሱ ትንፋሻቸው በብርዱ ውስጥ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ስስ አየር ሰው እንዲያ ተሸክሞ መሮጥ የሚችለው እንዴት ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ሐሳቤ ደጋግሞ የሚመለሰው አራት ገጽ ብቻ ወዳለው አንድ ጽሑፍ ነው።

ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2002 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የወጣ የምርምር ሥራ ነው። ርእሱ በአማርኛ «ሰው ከከፍታ የኦክስጅን እጥረት ጋር የሚላመድበት ኢትዮጵያዊ ፈርጅ» እንደ ማለት ነው። መሪ ጸሐፊዋ በክሊቭላንድ የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲዋ ሲንቲያ ቤል ናት፤ ከስድስቱ ጸሐፊዎች አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም አምሃ ገብረመድኅን ናቸው። በከፍታ ላይ ስለሚኖር ሰው የሚያጠና ሁሉ የሚጠቅሰው ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ግን ስለ ደማችን የተጻፈ ሆኖ ሳለ እምብዛም አልተወያየንበትም። ወድጄዋለሁ፤ የጎደለው ነገርም ያሳስበኛል። የጎደለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የማስበው ነገር ነው፤ የደም ብረትና የኦክስጅን ኬሚካዊ ትስስር።

በመጀመሪያ የተገኘው ነገር። አጥኚዎቹ በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ተወልደው የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመሩ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 86 ነበር። የብረት እጥረት፣ የኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን የሄሞግሎቢን የዘር ችግር ወይም ሥር የሰደደ ብግነት ምልክት ያለበት ሰው በስሌቱ ውስጥ የለም። በዚያ ከፍታ ሳንባ የሚያገኘው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ይህም ሆኖ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በዴሲ ሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ከሄሞግሎቢናቸውም 95.3 ከመቶው ኦክስጅን ይዞ ነበር። እነዚህ አኃዞች ባሕር ዳር ከሚኖር ጤነኛ ሰው ክልል አይወጡም።

ይህ ለምን እንዳስደነቀ የሚገባን ሌሎቹን ደጋዎች ስናይ ነው። ቤል ራሷ ቀደም ሲል በቦሊቪያ አይማራዎች ላይ በ4,000 ሜትር አካባቢ ባደረገችው ጥናት የወንዶቹ ሄሞግሎቢን 19.2 ግራም ነበር። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች እጥረቱን የሚመክቱት ደማቸውን በተሸካሚ በመሙላት ነው። ዋጋም ያስከፍላቸዋል፤ ደም ሲወፍር ልብ ይደክማል፣ ስለ በሽታውም ፔሩዊው ሐኪም ካርሎስ ሞንጌ እ.ኤ.አ. በ1925 ጽፏል። ቲቤቶች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው 15.6 ግራም ሆኖ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። የሰሜን ገበሬዎች ከሁለቱም አልሆኑም፤ ደማቸው አልወፈረም፣ ኦክስጅኑም አልጎደለም። ጽሑፉ በአራት ገጾቹ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ አሳየ። ቋንቋው ቁጥብ ነው፤ ከለካው በላይ አይናገርም። ይህን ቁጥብነቱን አከብራለሁ።

አሁን ወደ ሞለኪውሉ ልውረድ፤ ጽሑፉ ያላነሳው እዚህ ነውና።

ሄሞግሎቢን አራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች አንድ ላይ ሆነው የሠሩት ነው። ሁለቱ እያንዳንዳቸው 141፣ ሁለቱ 146 አሚኖ አሲዶች አሏቸው። አሚኖ አሲዶቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰፋቸው ጽኑ ትስስር ነው፤ አጎራባች አቶሞች ኤሌክትሮን ተጋርተዋል፣ በሰውነት ሙቀትም እንዲሁ አይላቀቁም። ሰንሰለቱን ጠምዝዞ ቅርጽ የሚሰጠው ግን የሃይድሮጅን ትስስር የሚባለው ደካማ መሳሳብ ነው። አንዱ ብቻውን ኢምንት ነው፤ መቶዎች ሲሆኑ ድር ሲያብር የሚሆነውን ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ሰንሰለት እቅፍ ውስጥ ሂም የተባለ ጠፍጣፋ ቀለበት አለ፣ በመሐሉም አንድ የብረት አቶም። ብረቱ ስድስት እጅ አለው እንበል። በአራቱ የቀለበቱን ናይትሮጅኖች፣ በአምስተኛው ከሰንሰለቱ የተዘረጋ ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ ጨብጧል። ስድስተኛው እጅ ባዶ ነው። ኦክስጅን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ኦክስጅን ሲያርፍበት ብረቱ ወደ ቀለበቱ መሐል ገባ ይላል። የሚንቀሳቀሰው 0.04 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር ራሱ የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ይህች ኢምንት እንቅስቃሴ ሂስቲዲኑን ትጎትታለች፤ ሂስቲዲኑ ሰንሰለቱን ይጎትታል፤ ሰንሰለቱም ጎረቤቱን ይነቀንቃል። ኦክስጅን ባልነበረበት ጊዜ አራቱን አጥብቀው ይዘው የነበሩት የአዎንታዊና የአሉታዊ ቻርጅ መሳሳቦች ይበጠሳሉ፣ የቀሩት ብረቶችም ኦክስጅን መቀበል ይቀላቸዋል። ሳንባ ውስጥ መሞላት የሚፋጠነው ለዚህ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ጡንቻው ያመነጨው አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተበጠሱትን መሳሳቦች መልሶ ያስራል፤ ብረቱ ከቀለበቱ ወጣ ይላል፤ ኦክስጅኑም ይለቀቃል። ማክስ ፔሩትዝ የዚህን ሞለኪውል ቅርጽ በኤክስሬይ ለመግለጥ ከሃያ ዓመት በላይ ለፍቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጆን ኬንድሩ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ልፋቱ አይደንቀኝም፤ በሰውነታችን ውስጥ ከዚህ የሚያምር ሥራ አላውቅም።

ገበያችን «ጫኝና አውራጅ» ሲል ሁለቱን በአንድ ስም መጥራቱ ልክ ነው። ጆንያውን አንስቶ የማያወርድ ሰው ምን ይጠቅማል? የብረትና የኦክስጅን ትስስርም የሚያኖረን ልል ስለሆነ ነው። ከሰል ይህን በጭካኔ ያስተምራል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያችኑ ስድስተኛ እጅ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ጽናት ይይዛታል። በክረምት ብርድ በሩን ዘግቶ፣ የተቀጣጠለ ከሰል አጠገቡ አድርጎ የሚተኛ ሰው ሞለኪውሎቹ ሙሉ ሆነው ነው የሚሞተው፤ የጨበጡት የማይለቁት ነውና።

ይህን ይዤ ወደ አራቱ ገጾች ስመለስ፣ የምርምሩ ሁለት ዐምዶች ስንት ተሸካሚ እንዳለና ስንቱ እንደተጫነ ይነግሩኛል። ማውረዱ የለም። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን ሲሞላ 1.34 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ በዚህ ስሌት የሰሜኑ ገበሬ በዴሲ ሊትር ደሙ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይዞ ይሄዳል። ጥሩ ጭነት ነው። ግን በዚያ ከፍታ የተለመደው ሄሞግሎቢን 90 ከመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ብቻ በሚሞላበት ግፊት የእርሱ 95.3 የሞላው በምን ምክንያት ነው? ወይ ሳንባው ኦክስጅኑን ወደ ደም የሚያሻግርበት መንገድ የተሻለ ነው፣ ወይ ብረቱ ይበልጥ ይጨብጣል። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብረቱ ይበልጥ ከጨበጠ ሳንባ ላይ ያተረፈውን ጡንቻ ላይ ሊከስር ይችላል፤ ጣት ላይ በመሣሪያ የሚለካው መቶኛ ደግሞ ያማረ ሆኖ ይቀራል። የሚያስፈልገው ሦስተኛ ዐምድ ነበር፤ ከእነዚሁ ሰዎች ደም ግማሹ ሄሞግሎቢን የሚሞላበት የኦክስጅን ግፊት። በባሕር ጠለል ሰው ይህ 27 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ አንድ ቁጥር ቢኖር ጽሑፉ ስለ ትስስሩ ራሱ ይናገር ነበር። ርእሱ «የመላመድ ፈርጅ» ይላል፤ ያሳየን ግን የመላመድን ውጤት ነው፣ አሠራሩን አይደለም።

ኦክስጅኑ የተለካበት መሣሪያም ጥያቄ ያስነሳል። የጣት ኦክሲሜትር ቀይና ከቀይ በታች የሆነ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ደሙ ምን ያህል እንደመጠጠ የሚለካ ነው። የተለመደው ባለ ሁለት ብርሃን መሣሪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው አይለይም፤ ሁለቱንም «የሞላ» ብሎ ይቆጥራል። የደጋ ጎጆ እሳቱ መሐል ላይ ነው፤ ጭሱ ከጣሪያው ሥር ያድራል። ስለዚህ 95.3 የሚለውን ቁጥር የሚያነብ ሰው ከእርሱ ውስጥ ጥቂቱ የጭስ ድርሻ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አለበት። ግኝቱን ያፈርሰዋል አልልም፤ ከቲቤቶች ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ነገር ግን እሳት ዳር ለሚውለው ሕዝብ ይህ የግርጌ ጉዳይ አይደለም።

ስሙንም ልናገር። «ኢትዮጵያዊ ፈርጅ» የሚለው ስያሜ ከአንድ ተራራ አማሮች ተነስቶ አገሩን ሁሉ ጠቀለለ። ሲነጻጸሩም የነበሩት ከባሕር ጠለል ሰዎች ጋር ነበር እንጂ ከቆላ ዘመዶቻቸው ጋር አልነበረም። ይህን ያረመው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ቤልና አምሃ ገብረመድኅን ራሳቸው ያሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት ነው። በዚያ ጥናት አማሮችና ኦሮሞዎች ከደጋም ከቆላም ተወስደው ተመሳከሩ። የሰሜን አማሮች ሄሞግሎቢን ከቆላዎቹ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በባሌ ከፍታ የሚኖሩት ኦሮሞዎች ጭማሪ ግን ከዚያ በእጅጉ የበለጠ ነበር፣ ኦክስጅናቸውም ዝቅ ያለ። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ፈርጅ አለ ማለት ነው። የቲቤቶችን ሄሞግሎቢን የሚወስኑት የዘር ልዩነቶችም በእኛዎቹ ላይ ያን ሥራ እንደማይሠሩ ታየ። የራስን ሥራ በዚህ መልክ ማጥራት ለእኔ የሙያ ክብር ነው፤ የ2002ቱን ጽሑፍ የሚጠቅስ ሰውም የ2012ቱን አብሮ ካልጠቀሰ ግማሹን ነው የነገረን።

የ2002ቱን ሠንጠረዥ በዚህ ዐይን መልሼ ሳየው የሴቶቹ 15.0 ግራም ላይ እቆማለሁ። «በባሕር ጠለል ክልል ውስጥ» መባሉ እውነት ነው፤ ግን የክልሉ የላይኛው በኩል ነው። የቲቤት ሴቶች 14.2 ነበሩ። ጭማሪ የለም ከማለት ጭማሪው ትንሽ ነው ማለት ይሻል ነበር።

ትንሽ መሆኑ ደግሞ ከቤተ ሙከራ ውጭ ሰው ይነካል። የደም ማነስ ሲቆጠር የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ ለከፍታ ቅናሽ ያደርጋል፤ ደጋ ላይ ደም ስለሚጨምር ትርፉ ይቀነስ በሚል። ለብዙ ዓመታት በሠራው ሠንጠረዥ ለ3,500 ሜትር የሚቀነሰው 2.7 ግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ተሻሽሏል፣ ቅናሹ ግን አሁንም አለ። ያ ቅናሽ የሚመጥነው እንደ አንዲሶቹ ደሙ ለሚወፍር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶቻችን 24 ከመቶው ደም አንሷቸዋል ሲል፣ ቁጥሩ በዚህ ዓይነት ቅናሽ ያለፈ ነው።

ብረት በእርግጥ ያጥረናል፤ ይህን ማቃለል አልሻም። በእህልና በአትክልት ያለው ብረት አብዛኛው አንጀት በቀላሉ በማይቀበለው መልክ ነው ያለው፤ የቲማቲምና የቃሪያ ቫይታሚን ሲ አንድ ኤሌክትሮን ጨምሮለት ያቀለዋል፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ ብረቱን አስሮ ያስቀረዋል። ሀይሌ ጋርመንት ገበያ ላይ በሳጥን የተደረደረው ቲማቲም ከሽሮው ጋር ሲቀርብ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። ስለዚህ ደም ማነስን በትክክል መቁጠር ያስፈልገናል።

ስሌቱን ሠርቼ አየሁት። በ3,500 ሜትር ላይ የምትኖር፣ ያልጸነሰች፣ ሄሞግሎቢኗ 14.5 ግራም የሆነ አንዲት ሴት እናስብ። ከጥናቱ ሴቶች አማካይ የምታንሰው በግማሽ ግራም ብቻ ነው፤ እነዚያ ሴቶች ደግሞ የብረት እጥረት እንደሌለባቸው ተረጋግጦ የተመረጡ ናቸው። በቀድሞው ሠንጠረዥ 2.7 ሲቀነስባት 11.8 ትሆን ነበር። የደም ማነስ ወሰኑ 12 ነው፤ መዝገቡ ላይ ደም ያነሳት ተብላ ትሰፍር ነበር።