ስማቸው ያልታተመ ተርጓሚዎች

መጽሐፈ ሞርሞን በእንግሊዝኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ፓልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በአፍሪካ ምድር በተወለደ ቋንቋ፣ ማለትም በአፍሪካንስ፣ እስኪወጣ ግን 1972 ደረሰ።

በእነዚያ ዓመታት በናይጄሪያና በጋና መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አንብበው፣ ሚስዮናዊ ሳይላክላቸው በራሳቸው የተሰባሰቡ አማኞች ነበሩ። መጽሐፉን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የምትቀበለው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ወንዶችን ከክህነት ትከለክል ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ1978 ነው። ሚስዮናውያንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ናይጄሪያ ገቡ። ደጅ ተዘግቶባቸው እያለ የጸኑትን እነዚያን አንባብያን ሳስብ ልቤ ይነካል። መጽሐፉ ወደ ቋንቋቸው መተርጎሙ ለእነሱ ውለታ አልነበረም፤ የዘገየ ድርሻቸው ነበር።

በ1980ዎቹ በኤፊክ፣ በፋንቴና በዙሉ የተመረጡ ምዕራፎች ብቻ ወጡ። ሙሉውን የመመለሱ አድካሚ ሥራ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ የአማርኛው ሙሉ ትርጉም የታተመው በ2000 ነው። የዘር ሐረጉን፣ ጦርነቱን፣ ረጃጅም ስብከቱን ቁጥር በቁጥር እየተከተሉ፣ አንድም ሐረግ ሳይጥሉ መመለስ የዓመታት ትዕግሥት ይጠይቃል።

የርዕስ ገጹን ግለጡት፦ ተርጓሚ ተብሎ የሰፈረው የቤተ ክርስቲያኒቱ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ ነው። ወደ ኢግቦ፣ ወደ ስዋሂሊ፣ ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ስም ከዚያ የለም። በእምነቱ ብንስማማም ባንስማማም፣ በቋንቋዎቻችን ላይ ይህን ያህል የደከሙትን ሰዎች ማንነት የሚያውቁ በሕይወት ሳሉ ታሪካቸውን ጽፈው ያቆዩልን።