ጉድለቱ የት ገባ?

እኛ ዘንድ ሰርግ የጥር ነው፤ ሐምሌ ዝናብ እንጂ ሙሽራ አያውቅም። እንግሊዞች ግን ፀሐይ የሚያገኙት በሐምሌ ነውና፣ ያኔ ይደግሳሉ፤ በጥንት መኳንንት ቤት የሚደግሱም አሉ። በምዕራብ ለንደን፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር የሚገኘው ሳየን ሃውስ እንዲህ ያለ የሰርግ ቤት ነው። ስሙ የኛው «ጽዮን» ነው። ንጉሥ ሄንሪ አምስተኛ በ1415 እ.ኤ.አ. ያቋቋመውና ኋላ ወደዚህ ስፍራ የተዛወረው ገዳም በጽዮን ተሰየመ፤ ገዳሙ ሲጠፋ ስሙን ቤቱ ወረሰው።

ሰርገኛው ፎቶ የሚነሳው ከወርቁና ከዕብነ በረዱ ፊት ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ጉድለቱ የገባበት ቦታ ነው። ስኮትላንዳዊው አርክቴክት ሮበርት አዳም በ1762 ውስጡን እንዲያድስ ሲጠራ የጠበቀው ያረጀ ቤት ነበር፤ ወለሉ እኩል አይደለም፣ ክፍሎቹ እንደልብ አይሆኑም፣ ግድግዳውም ቀድሞ ቆሟል።

ከታላቁ አዳራሽ እንጀምር። ቀና ቢሉ የጣሪያው መስመሮች ይተላለፋሉ፤ ጎንበስ ቢሉ ጥቁርና ነጩ የዕብነ በረድ ወለል ያንኑ ሐረግ ይመልሳል። በአንደኛው ጫፍ ግን ቤቱ ከፍ ይላል። አዳም ከፍታውን ሊደብቀው አልሞከረም፤ ደረጃ ሠራለት፣ በፊቱም ዓምዶች አቆመ። ደረጃው ለመታያ ታስቦ የተሠራ እንጂ ለችግር መላ የተመታ አይመስልም። ራሱም በ1773 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንከን የሚመስለውን ነገር ወደ ውበት እንደለወጠው በኩራት ጽፏል።

ቀጥሎ ያለው ክፍል በአንድ በኩል ይረዝማል። በውስጡ አሥራ ሁለት አረንጓዴ ዓምዶች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው አናት ላይ በወርቅ የተለበጠ ሐውልት ቆሟል። በረጅሙ ጎን ያሉትን ዓምዶች አዳም ከግድግዳው ነጠል አድርጎ ተከላቸው። ዓይን ከዚያ ወዲያ የሚለካው ከዓምድ እስከ ዓምድ ነው፤ ክፍሉም አራት ጎኑ እኩል ሆኖ ይታያል። የተረፈው ቦታ ከዓምዶቹ ጀርባ ተሸሽጓል።

ረጅሙ ጋለሪ ደግሞ ይብሳል፤ ርዝመቱ ከ40 ሜትር በላይ፣ ስፋቱ ግን 4 ሜትር ከምናምን ነው። ያልታሰበበት ቢሆን ኖሮ መተላለፊያ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። አዳም 62 ቅርጸ ዓምዶችን በየቡድኑ ከፋፍሎ ርዝመቱን ሰባበረው። የጣሪያው ሐረግ ግድግዳው ላይ ሳያልቅ ተቆርጦ ይቀራል፤ ዓይን ቀሪውን ከግድግዳው ወዲያ ይፈልጋል፣ ክፍሉም ይሰፋል።

የመመገቢያው አዳራሽ ብልሃት ለአፍንጫ ነው። ግድግዳው ሐር አልለበሰም፤ ያጌጠው በልስን ቅርጽ ነው። ጨርቅ የወጥ ሽታ ይዞ ያስቀራልና! የዶሮ ወጥ ቁሌት ከመጋረጃ ስንት ቀን እንደማይለቅ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ሙያ ሳይነግሩት ያደንቃል። ቀዩ ሐር የተሰቀለው ከዚህ ቀጥሎ፣ ከምግብ በኋላ በሚገቡበት ሳሎን ውስጥ ነው።

ሰማዩ ከከዳም በግቢው ውስጥ መጠጊያ አለ። በ1820ዎቹ ቻርልስ ፋውለር የሠራው፣ ጉልላቱ መስታወት የሆነው የዕፅዋት ቤት፣ ዛሬ ሰርገኛ ይሰበሰብበታል፤ ዝናቡን ከላይ እያዩት ይበላሉ።

ጉድለትን እንዲህ በሙያ ማሳመር ሸማኔም የሚያውቀው ነገር ነው። የሸማኔ መሣሪያ ጠባብ ስለሆነ ሰፊ ሸማ ያለ መጋጠሚያ አይሆንም፤ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ግን መጋጠሚያው የት እንደሆነ አያስታውቅም። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ!

በሐምሌ ከሰዓት ሙሽሪት በታላቁ አዳራሽ ደረጃ አናት ላይ ስትቆም፣ ሰርገኛው ሁሉ ቀና ብሎ ያያታል። ከፍ ያደረጋት ያ እኩል ያልሆነ ወለል ነው።